ስንዴው ማታ በሦስት ሰዓት ይድረስ

ቡናው እስኪፈላ ድረስ የስንዴውን ነገር ላውጋችሁ። የምን ስንዴ ካላችሁ፣ ዱርቤቴ ላይ ተቀምጬ በኮምፒውተር የማመርተው፣ በኮምፒውተር የምጭነው፣ በኮምፒውተር ወታደር የማበላው ስንዴ ነው። ዱርቤቴን የማያውቅ ካለ፣ ከባሕር ዳር ተነስቶ መራዊን አልፎ፣ ወተት ዓባይ ላይ ግልገል ዓባይን ተሻግሮ ወደ ዳንግላ የሚወርድ መንገደኛ የሚያገኛት የደቡብ አቸፈር ወረዳ ከተማ ናት። የበቆሎ አገር ነው፤ የጤፍ አገር ነው፤ የዳጉሳ አገር ነው። በዚህ የእህል አገር ተወልጄ አድጌ የስንዴ ኃላፊ ሆኜ የተሾምኩት ጀርመኖች በሠሩት ጨዋታ ውስጥ መሆኑን እናቴ ስትሰማ፣ «እንደው ይኼ የተሾምክበት እህል ይበላል?» አለችኝ። ይበላል። ሌሊትም ቀንም ይበላል። ነገር ሁሉ የመጣው እሱ ስለሚበላ ነው።

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና ከሥሩ ልጀምር። ጨዋታው ትራቪያን ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2004 ጌርሃርድ ሙለር የሚባል ጀርመናዊ የጀመረው ነው፤ ኩባንያው ያለው ሙኒክ ነው። የሚጫነው ነገር የለም፤ እንደማንኛውም ድረ ገጽ ይከፈታል፤ አብዛኛው ጽሑፍና ቁጥር ስለሆነ ኔትወርኩ ደከም ባለበት አገርም አይጨክንም። እኔ ዋናው ሥራዬ ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ነው። ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ መታወቂያ ኮፒ አደርጋለሁ፣ የሰርግ ጥሪ ወረቀት አዘጋጃለሁ። ደንበኛ ሲጠፋ ደግሞ መንደሬን እከፍታለሁ።

መጀመሪያ አንዲት ምስኪን መንደር ይሰጧችኋል። እኔ ስጫወት ምርጫው ሮማዊ፣ ቴውቶን ወይም ጎል መሆን ነበር። እንጨት ትቆርጣላችሁ፣ ሸክላ ትቆፍራላችሁ፣ ብረት ታወጣላችሁ፣ ስንዴ ትዘራላችሁ። ይህ ሁሉ በእውነተኛው ሰዓት ነው የሚሄደው። ጦር ወደ ሩቅ መንደር ብትልኩ የሚደርሰው ከብዙ ሰዓት በኋላ ነው፤ እናንተ ተኝታችሁ ስታድሩ እሱ መንገድ ላይ ያድራል። ወታደሩ በየሰዓቱ ስንዴ ይበላል። ጎተራው ባዶ ከሆነ ወታደሩ ይሞታል፤ ልመና የለም፣ ብድር የለም። ብቻችሁን ደግሞ አትዘልቁም፤ አሊያንስ ትገባላችሁ፣ ማኅበር በሉት። የእኛ ማኅበር አዲስ አበባም፣ ጎንደርም፣ ባሕር ዳርም፣ ፍራንክፈርትም፣ ሚኒሶታም ያሉ ሰዎች ነበሩበት። መልካቸውን አላውቅም። አካሄዳቸውን ግን አውቀዋለሁ፤ ማን ሲከፋው ዝም እንደሚል፣ ማን ሲደሰት ስንዴ እንደሚያባክን ልቅም አድርጌ ነው የማውቀው።

የዚህ ጨዋታ ትልቁ ቁም ነገሩ ማለቁ ነው። ብዙዎቹ የኢንተርኔት ጨዋታዎች ማለቂያ የላቸውም፤ ሰው እየሰለቸው አንድ በአንድ ይንጠባጠብና ቤቱ ኦና ይቀራል። ትራቪያን ላይ ግን ከወራት በኋላ ናታሮች የሚባል፣ በኮምፒውተሩ የሚታዘዝ ጎሣ ይነሳና የግንባታ ንድፍ የያዙ መንደሮቹ ካርታው ላይ ይወጣሉ። ንድፉን የቀማ ማኅበር «የዓለም ድንቅ» የሚባለውን ሕንፃ መገንባት ይጀምራል። እስከ ሌቭል 50 አንድ ንድፍ ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ግን ከማኅበሩ ሌላ ሰው ሁለተኛ ንድፍ ካልያዘ ግንቡ አይነሳም። መጀመሪያ ሌቭል 100 ያደረሰው ያሸንፋል፤ በዚያች ቅጽበት የሁሉም ሰው ጨዋታ ቀጥ ይላል። ከዚያ ሰርቨሩ ይጸዳል፣ ሌላ ዙር ይከፈታል፣ ሁሉም እንደገና በአንዲት ምስኪን መንደር ይጀምራል።

ፍጻሜው ሲቃረብ ዝግጅቱ ከሰርግ ድግስ አይተናነስም፤ ጠላው፣ እንጀራው፣ ድንኳኑ፣ ሚዜው፣ ቅያሜው ሁሉ አለበት። የመጀመሪያው ጠብ በስም ተነሳ። ድንቁ ሌቭል 10 እስኪደርስ ስም ማውጣት ይቻላል፤ ከዚያ በኋላ አይቀየርም። ጎንደሬው «ፋሲል ግንብ ካልተባለ አንድ እንጨት አልልክም» አለ። የአዲስ አበባው አስተባባሪያችን «ላሊበላ ይሁን፣ ፈረንጁም ያውቀዋል» አለ። ሚኒሶታ ያለችው ነርስ የወሎ ልጅ ናትና በላሊበላው ደስ አላት፤ ግን ጠብ አትወድም፣ ዝም አለች። በመጨረሻ እኔ ያልኩት ጭስ ዓባይ ተባለ። ምክንያቱ የኔ ክርክር ሳይሆን ጎንደሬውና አዲስ አበቤው ተያይዘው ስለደከሙ ነው። እኔ እስከ ዛሬ ደስ ይለኛል። የገዛ ወንዝህ ስም በዓለም ካርታ ላይ ሌቭል በሌቭል ሲያድግ ማየት ቀላል ነገር አይደለም። የየግል መንደሮቻችንን ደግሞ በድሮ ጦር ሜዳዎች ሰይመናቸው ነበር። የኔዎቹ አይሻል፣ ጉራ፣ ሰገሌ ይባላሉ። ይህን ያዙልኝ፤ በኋላ ጉድ ያፈላል።

ሁለተኛው ጣጣ ሰዓት ነው። በፍጻሜው ሌሊት የሁሉም ጦር የተቃራኒውን ድንቅ በአንድ ሰከንድ መምታት አለበት፤ ተራርቆ ከደረሰ አንድ በአንድ ይለቀማል። የጨዋታው ሰዓት የግሪንዊች ነው። ከግሪንዊች ላይ ሦስት ቀንሱ፣ የኛ የሀበሻው ሰዓት ይወጣል፤ እዚያ 18:00 ሲል ዱርቤቴ ማታ 3 ሰዓት ነው። የፍራንክፈርቱ ልጅ ያንኑ ሰዓት 20:00 ይለዋል። ነርሷ ደግሞ ከአገሯ ብትወጣም የሀበሻ አቆጣጠሯን አልጣለችምና «ሰባት ሰዓት ላይ» ትላለች፤ የሚኒሶታ ቀትር አልፎ ሰባት ሰዓት ማለቷ ነው። አንዱን ሰዓት አራት ሰው በአራት ስም ይጠራዋል። ለዚህ ነው ባለ መስመር ደብተር ገዝቼ፣ በማስመሪያ አምድ አውጥቼ፣ መንደር፣ መነሻ፣ መድረሻ፣ የስንዴ ልክ እያልኩ በቀይና በሰማያዊ እስክሪብቶ የጻፍኩት። ጽሕፈት ቤት ያለው ሰው አይደለሁ? አምዱ ያምር ነበር፤ ዛሬም ስገልጠው ያምረኛል።

እዚህ ላይ ከመንገዴ ትንሽ ልውጣና ስለ ሰንጠረዥ ጨዋታ ልንገራችሁ። የድሮው የኛ ሰንጠረዥ ሲጀመር ወረራ የሚባል ክፍል ነበረው። ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠባበቁ፣ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ፣ እጃቸው እንደፈጠነ ያሰልፋሉ። ሪቻርድ ፓንክረስት ስለዚህ ጨዋታ ታሪክና ደንብ ጽፈውልናል። አፄ ልብነ ድንግል እንኳ ከአንድ የቬኒስ ሠዓሊ ጋር ይጫወቱ እንደነበር ይነገራል። እኔን የገረመኝ ግን ጅምሩ አይደለም፣ አጨራረሱ ነው። ብቻውን የቀረ ንጉሥ አይሞትም ነበር። በፈረስ የጨረሰ ሰው አሸነፈ ይባላል እንጂ አይመሰገንም፤ ምስጋናው ደካሞቹን ጠጠሮች አስተባብሮ ለጨረሰ ነው። አያቶቻችን ማሸነፍ ብቻውን አልበቃቸውም፤ ጨዋታው እንዴት እንደሚያልቅ ደንብ አበጁለት። የኛ ማኅበርም ያሰበው ይህንኑ ነበር፤ ብንሸነፍም ሁላችንም በተገኘንበት፣ አንድም ወታደር በረሃብ ሳይሞትብን እንጨርስ ብለን ተማምለናል። ረሃቡን የመከላከል አደራ የኔ ነው።

ጊዜው ግንቦት 2010 ነበር፤ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ሊነሳ ትንሽ ሲቀረው። ፍጻሜው ቅዳሜ ማታ ተቆርጧል። ዓርብ ከሰዓት በኋላ መብራት ሄደ። እንደ ወትሮው ይመጣል ብዬ ጠበቅሁ። አመሻሹ ላይ ትራንስፎርመር ተቃጥሏል የሚል ወሬ መጣ፤ ትራንስፎርመር ከተባለ ደግሞ ተስፋ የለም። ኔትወርኩም መብራቱን ተከትሎ ሄደ፤ ስልክ ለመደወል ያህል አንዳንዴ ብቅ ይላል፣ ኢንተርኔቱ ግን ጭልጥ አለ። ቅዳሜ ጧት ደብተሬን ብብቴ ውስጥ ከትቼ ወደ ባሕር ዳር ልሄድ ወጣሁ። ጄኔሬተር ያለው ሆቴል አይጠፋም፣ አንድ ሻይ አዝዤ ጭስ ዓባይን አበላለሁ ብዬ ነው።

ዱርቤቴ ላይ ደግሞ ባሕር ዳር መሄዳችሁ ከእናንተ በፊት ይሰማል። አክስቴ መንገድ ላይ ጠበቀችኝ። «ባሕር ዳር ከሄድክማ፣ ይቺን ቅቤ ለእህትህ አድርስልኝ፤ አራስ ናት፣ ፔዳ አካባቢ ነው ቤቷ፣ ታውቀዋለህ» ብላ በፌስታል ላይ ፌስታል የደራረበችበትን ቅቤ አስታቀፈችኝ። የአራስ ቅቤ እምቢ አይባልም። ሚኒባስ ውስጥ ከኋላ ወንበር፣ ከአንድ ጋቢ ከለበሱ ሽማግሌና ዶሮ ከያዙ እናት መሐል ተጣብቄ፣ ደብተሩን ብብቴ ውስጥ፣ ቅቤውን ጭኔ ላይ አድርጌ ተነሳን።

ወተት ዓባይን ካለፍን በኋላ ስልኬ ጮኸ። የአዲስ አበባው አስተባባሪያችን ነው። ልጁ ሌሊቱን ሙሉ ሲፈልገኝ አድሯል፣ ተጨንቋል። መስመሩ ይቆራረጣል፣ ሚኒባሱ ይንጓጓል፣ መዝሙሩም ተከፍቷል። ስለዚህ እሱም ይጮኻል፣ እኔም እጮኻለሁ።

«መብራት ስለሌለ ነው የጠፋሁት!» አልኩት። «አታስብ፣ ወደ ባሕር ዳር እየገባሁ ነው! ስንዴው ማታ በሦስት ሰዓት ይደርሳል! … ምን? … አዎ፣ ሠራዊቱ ተርቧል፣ አውቃለሁ! ከማታ በፊት ካልበላ ይረግፋል! … የፍራንክፈርቱ ጦር ተነስቷል ወይ? … ጥሩ! ሁሉም በአንድ ሰከንድ ነው የሚመታው! … ናታሮቹን ተዋቸው፣ እነሱን በኋላ! … ከሰገሌ የሚነሳውን እኔ ራሴ አዛለሁ!»

መስመሩ ተቋረጠ። ስልኩን ከጆሮዬ ሳወርድ መዝሙሩ ጠፍቷል። መቼ እንደጠፋ አላውቅም። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም የሚባለው እውነት ነው፤ ሚኒባሱ ሙሉ ጸጥ ብሏል። ዶሮ የያዙት እናት አማተቡ። ፊት ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው በመስታወት ያየኛል። ሂሳብ ይሰበስብ የነበረው ረዳት እኔ ጋ ሲደርስ ብሬን ሳይቀበል አለፈኝ። ሽማግሌው ብቻ ቀስ ብለው ወደ እኔ ዞሩና፣

«አንተ ልጅ፣ የማን ጦር ነው?» አሉኝ።

«ጨዋታ ነው አባቴ።»

«የጦር ጨዋታ የለውም» አሉ።

ይህን ንግግራቸውን አሁንም አልረሳውም። ኮስተር ብለው፣ በቅን ልብ ነው ያሉት። እኔም በቅን ልብ ማስረዳት ጀመርኩ። ሮማውያን፣ ጎሎች፣ ድንቅ፣ ንድፍ እያልኩ ስዘረዝር ነገሩ ለሰሚው ግራ እየሆነ ሄደ። «ጀርመኖች ናቸው የሠሩት» ስል ፊት የተቀመጠው ሰው ጭራሽ ዞሮ አየኝ። አንድ ኬላ ጋ ስንደርስ ሹፌሩ ማንም ሳያስቆመው ቆመ፣ ረዳቱ ወረደና ከፖሊሶቹ ጋር ተንሾካሾከ። ከዚያ «ከኋላ ያለኸው፣ አንዴ ውረድ» ተባልኩ። ደብተሬን ይዤ፣ ቅቤዬን ታቅፌ ወረድኩ።

የኬላው ኃላፊ ጨዋ ሰው ነበር። በአግዳሚ ወንበር ላይ ፀሐይ ፊት አስቀመጠኝና ደብተሩን ተቀብሎ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ማንበብ ያዘ። በጣቱ እየተከተለ ነው የሚያነበው። ደብተሬን እንደዚያ በጥንቃቄ ያነበበልኝ ሰው የለም፤ የማኅበራችን ሰዎችም ቢሆኑ መድረሻ ሰዓቱን ብቻ ነው የሚያዩት። «ከአይሻል ወደ ጭስ ዓባይ፣ ስንዴ። ከጉራ ወደ ጭስ ዓባይ፣ ስንዴ። ከሰገሌ …» አለና ቀና ብሎ አየኝ። «ሰገሌ ጦርነቱ ካለቀ መቶ ዓመት አልፎታል እኮ።»

«አዎ፣ በ1909 ነው» አልኩት፤ ዓመቱን በማወቄ ነገሩ የሚቀልልኝ መስሎኝ።

«ታዲያ አሁን ከዚያ ስንዴ የሚጭነው ማን ነው?»

ስልኬን አውጥቼ መንደሮቼን ላሳየው ሞከርኩ። ገጹ ነጭ ሆኖ ቀረ፤ ያቺ የምትዞር ክብ ብቻ ትዞራለች። ኃላፊው ክቧን አየ፣ እኔን አየ፣ እንደገና ክቧን አየ። ሌሎቹ ፖሊሶችም ከኋላው መጥተው ክቧን አዩ። ከሚኒባሱ መስኮት ሰው ሁሉ አንገቱን አውጥቶ እኛን ያያል። በዚህ ሁሉ መሐል ቅቤው ፀሐዩ አግኝቶት ኖሮ ፌስታሉን አልፎ በሱሪዬ ላይ መውረድ ጀምሯል። እንዳልነሳ ተቀመጥ ተብያለሁ፤ እንዳላስቀምጠው መሬቱ አቧራ ነው፣ የአራስ ቅቤ ነው። ሙቀቱ ከጭኔ ወደ ጉልበቴ፣ ከጉልበቴ ወደ ካልሲዬ እየወረደ ይሰማኛል። አንዱ ወጣት ፖሊስ «ወንድሜ፣ እየፈሰሰብህ ነው» አለኝ በሐዘኔታ። «አውቃለሁ» አልኩት። ከዚህ በላይ የምናገረው አልነበረኝም።

«ዋስ አለህ?» አለ ኃላፊው በመጨረሻ።

ሽማግሌው ሳይጠሩ ከሚኒባሱ ወርደው በምርኩዛቸው እየተደገፉ መጡ። ከእግዚአብሔር ሰላምታ በኋላ፣ «ልጁን አላውቀውም፣ አባቱን ግን አውቀዋለሁ፤ የደህና ቤት ልጅ ነው» አሉ። ቀጠሉና፣ «ደግሞ ጌታዬ፣ ሠራዊት ቢኖረው ኖሮ ከዶሮ ጋር በሚኒባስ አይሄድም ነበር» አሉ።

ኃላፊው ሳቀ። ፖሊሶቹም ሳቁ፣ ከሚኒባሱም ሳቅ ተሰማ። ዋስትናው አንድ ቁራጭ ወረቀት ላይ ተጻፈ፤ ሽማግሌው አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው ረጋ አድርገው አሳረፉበት፣ ጣታቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ሳይሆን በሣር ጠረጉ። ኃላፊው ደብተሩን ሲመልስልኝ «ጽሕፈትህ ያምራል» አለኝ። ይህን የምነግራችሁ ለመመካት አይደለም፤ ሰውየው ስላለው ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ ሌላ ሆነ። መዝሙሩ ተመለሰ፣ ረዳቱም ሂሳቤን ተቀበለ። ሰዉ ሁሉ ስለ ጨዋታው ይጠይቀኝ ጀመር። ፊት የተቀመጠው ሰው ያለው ነገር እስከ ዛሬ ይደንቀኛል፤ «ታዲያ ስንዴውን ለምን በአንዴ ትጭናላችሁ? ቀድማችሁ ከፋፍላችሁ ብታደርሱ አይሻልም?» አለ። ነጋዴ ኖሯል። ጎተራው የሚይዘው ልክ አለው፣ ከሞላ የሚተርፈው ይባክናል ብዬ ስነግረው ገብቶት ራሱን ነቀነቀ። ዶሮ የያዙት እናት ደግሞ መራዊ ላይ ሊወርዱ ሲሉ ትከሻዬን ነካ አድርገው፣ «እና ልጄ፣ ያ ሁሉ ወታደር ጦሙን ሊያድር ነው?» አሉኝ። «አያድርም እናቴ» አልኳቸው። «በል እንግዲህ፣ ድረስላቸው» ብለውኝ ወረዱ።

ባሕር ዳር መናኸሪያ ገብቼ በባጃጅ ወደ ፔዳ ሄድኩ። ፔዳ የሚባለው የዩኒቨርሲቲው ግቢ ነው፤ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ከመወለዱ በፊት የፔዳጎጂ አካዳሚው ለብቻው፣ ፖሊ ቴክኒኩ ለብቻው ነበሩ፤ ሰዉ አሁንም ፔዳና ፖሊ ብሎ ነው የሚጠራቸው። ቅቤውን፣ የተረፈውን ማለቴ ነው፣ አስረክቤ ልወጣ ስል የሆነውን መገመት አያቅታችሁም። አራስ ቤት ገብቶ ገንፎ ሳይቀምሱ መውጣት አለ እንዴ? ገንፎው ገና ሊገነፋ ነው። ተገነፋ። ያመጣሁት ቅቤ መሐሉ ላይ ፈሰሰ። እህቴ «ብላ እንጂ፣ ምነው ሰዓት ሰዓት ታያለህ?» ትለኛለች። ሕፃኑን አቀፍኩ፣ መረቅሁ፣ ገንፎውን በላሁ፤ ጣፋጭ ነበር። ስወጣ ፀሐይ ወደ ጣና አዘንብላለች።

ሐይቁ ዳር ጄኔሬተር ያለው ሆቴል አገኘሁ። አስተናጋጁ ከወገቤ በታች ያለውን አይቶ፣ ሽታውንም አሽትቶ፣ በትሕትና ወደ ውጪ፣ ወደ ሐይቁ ዳር አስቀመጠኝ። ገጹ ተከፈተ። ጭስ ዓባይ ቆሟል። ጎተራው ሙሉ ነው። አንድም ወታደር አልሞተም።

ይህ እንዴት ሆነ ካላችሁ፣ ትራቪያን ላይ ሰው በማይኖርበት ጊዜ አካውንቱን የሚጠብቁለት እስከ ሁለት ሰው መሾም ይፈቀዳል፤ ሲተር ይባላሉ። የኔ ሲተር ነርሷ ነበረች። ከሌሊት ፈረቃ ገብታ፣ ሳትተኛ፣ ዓርብ ማታ በላክሁት የደብተሬ ፎቶ እየተመራች ከአይሻልም ከጉራም ከሰገሌም ስንዴውን በየሰዓቱ ስትልክ ውላለች። ፎቶው ኔትወርኩ ጭልጥ ከማለቱ በፊት ደርሶላት ኖሯል። «አምዱ ግልጽ ስለሆነ አልተቸገርኩም» ብላ ጽፋልኛለች። ፍጻሜን ማቀድ ማለት ለእኔ ይኼ ነው፤ እኔ ኬላ ላይ ተቀምጬ ክብ ሳይ፣ ሌላ ሰው በሌላ አገር ደብተሬን ገልጦ አደራውን እንዲወጣልኝ ማድረግ።

ማታ በሦስት ሰዓት መታን። የተቃራኒዎቻችን ድንቅ ጥቂት ሌቭል ወረደ። እነሱም የኛን መቱ፣ የኛም ወረደ። ሌሊቱን ሙሉ ስንገነባ፣ ስንልክ፣ ስንቆጥር አደርን። እሑድ ሊነጋጋ ሲል፣ ከጊዮርጊስ በኩል ቅዳሴው እየተሰማ፣ የእነሱ 100 ሞላ። ገጹ ተቀየረና አሸናፊውን የሚያበስር መልእክት ወጣ፤ ከዚያ በኋላ ምንም ማዘዝ አይቻልም። በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ፤ ማንም አልተቆጣም። ግን ማንም አልሄደም። የማኅበራችን ቴሌግራም ላይ ተቀምጠን አረፈድን። ለወራት በመንደር ስም ስንጠራራ የኖርን ሰዎች ስማችንን ተናገርን። ጎንደሬው መምህር ኖሯል። የፍራንክፈርቱ ልጅ እናቱን ካያት ብዙ ዓመት እንደሆነው ነገረን። ነርሷ «አሁን ልተኛ» ብላ ተሰናበተችን።

ይህ ባይታቀድ ኖሮ አይሆንም ነበር። ቀኑ ታውቆ፣ ሰዓቱ ተቆርጦ፣ ሰው ሁሉ ተገኝቶ ስለነበር ነው። የሌላውን ዓለም ጨዋታዎች ፍጻሜ ሳነብ ይህን አስባለሁ። ሲቲ ኦፍ ሂሮስ እ.ኤ.አ. ኅዳር 30 ቀን 2012 ሊዘጋ መሆኑ ሲሰማ፣ ተጫዋቾቹ በጨዋታው ውስጥ ባለ አደባባይ ችቦ ይዘው ተሰልፈው ነበር፤ መዘጋቱን አላስቀሩትም፣ ግን አብረው ነበሩ። የፋይናል ፋንታሲ 14 ሠሪዎች ደግሞ የጨዋታቸው የመጀመሪያው ቅጂ አልሳካ ሲላቸው፣ ናኦኪ ዮሺዳ የሚባለው ኃላፊ ጨዋታውን በዝምታ አልዘጋውም፤ በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ጨረቃ ከሰማይ አውርዶ በዓለማቸው ላይ ጣለባቸው። ተጫዋቹ ሁሉ ቆሞ አየው። በሚቀጥለው ዓመት ነሐሴ ላይ ጨዋታው ታድሶ ተመለሰ፣ ሰውም ተመለሰ። ዓለማቸው በፊታቸው የፈረሰባቸው ሰዎች የተመለሱት በክብር ስለተሸኙ ነው ብዬ አምናለሁ።

በአገራችንም ጌም የሚሠሩ ልጆች አሉ። ቅኔ ጌምስ ኩኩሉን ሠርተው ዶሮዋን ከገበሬው አስመልጠውናል፤ ገበጣንም ወደ ስልክ አምጥተውልናል። እጃቸው ይባረክ። አሁን የምለምናቸው ረጅሙን ጨዋታ ነው፤ ወራት የሚፈጀውን፣ ብዙ ሰው አንድ ላይ የሚጫወተውን። በወረራ ይጀመር። ሰዓቱ በኛ አቆጣጠር ይሁን፣ ማታ ሦስት ሰዓት ሲባል ማታ ሦስት ሰዓት ይሁን። መብራት የሄደበት ሰው እንዳይቀር፣ አደራ የሚቀበል ሰው መሾም ይፈቀድ። የመጨረሻዋንም ቀን ከመጀመሪያዋ ቀን ጀምራችሁ አስታውቁን፤ እንድንገኝ።